የተነፈሰው የእጅ ቦርሳ

ከአሮጌ ካላማዳሪ የእጅ ቦርሳና የኪስ ቦርሳ እየሰፋሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ስተዳደር፣ ደንበኞች ስለ ዚፑ፣ ስለ ማንገቻው፣ አንዳንዴም ስለ ጎማው ሽታ ሲከራከሩኝ ለምጄዋለሁ። «የቦርሳው የቀድሞ ባለቤት እኔ ነኝ» የሚል ደንበኛ ግን ከዚያ ቀን በፊት ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ካላማዳሪውን የምገዛው ከሰፈራችን ጎሚስታ ነው። የባጃጁ ጠባብ በመሆኑ ከኪስ ቦርሳ አያልፍም፤ የአይሱዙው ግን ተሰንጥቆ ሲዘረጋ አንድ ደህና የሴት ቦርሳ ይወጣዋል። በሳሙና አጥቤ ካደረቅሁት በኋላ የማሽኑ እግር ላይ ተጣብቆ እንዳያስቸግረኝ የሕፃናት ፓውደር እነሰንስበታለሁ፤ ስፌቱንም ሰፋ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ከተቀራረበ ጎማው እንደ ቴምብር በመስመሩ ይቀደዳል። ጎማ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ መርፌ የገባበት ቦታ ተመልሶ አይደፈንም። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ነገር ያመጣው ቦርሳ ማንገቻው 60 ኪሎ ቡና ከሚይዝ የቃጫ ጆንያ፣ ገበሩ ደግሞ ከአሮጌ ቀይ መጋረጃ የተሠራ ነበር። ከፊት ለፊቱ መካከል ላይ ጎሚስታው በአንድ ወቅት የለጠፈው ክብ ጥጋን እንዲውል አድርጌ ነው የቆረጥሁት። ጥጋን የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ለባለቤቱ የሐሙስ ገበያ መያዣ የሚሆን ቦርሳ ፈልጎ መጣና ይህንኑ አነሣ። ጥጋኑን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰውና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ ይህ የእኔ ካላማዳሪ ነው። የጊቤን ቁልቁለት ልጨርስ ስል በዚያ ዝናብ ሌሊቱን ያሳደረኝ ይኸው ጥጋን ነው።»

ዋጋውን ስነግረው ደግሞ «በገዛ ካላማዳሪዬ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። እኔም ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት መሆኑን ለማስረዳት ወደ ጎሚስታው ይዤው ሄድሁ።

ጎሚስታው ስለ ባለቤትነቱ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ጆሯቸው ውስጥ የቀረው «ያሳደረኝ ጥጋን» የሚለው ብቻ ነበር።

«የእኔ ጥጋን ነው የተነፈሰው?» አሉ።

«ታዲያ የማን ነው፣ ጋሼ?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት አለቀ። ቦርሳውን ከሾፌሩ ተቀብለው ዚፑን ጥርቅም አድርገው ዘጉና፣ ካላማዳሪ ወደሚፈትሹበት፣ የስንት መኪና ጭቃ ወደጠጣው በርሜል ውስጥ እስከ ክርናቸው ድረስ ደፈቁት። «ጋሼ፣ ኧረ ገበር አለው!» ብዬ ብጮኽም፣ ለሥራቸው ክብር የቆመ ጎሚስታ የሚሰማው አረፋን እንጂ ሰውን አይደለም። አረፋው ደግሞ መጣ፤ በዚፑ፣ በጎንና በጎኑ፣ በማንገቻው ሥር፣ ማሽኔ በረገጠበት መስመር ሁሉ እየተንጣጣ ወጣ። በጥጋኑ ዙሪያ ብቻ አንዲትም አልታየችም።

ጎሚስታው ቀና ብለው የተሰበሰበውን ሰው፣ በተለይም ሾፌሩን አዩና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ጥጋኔ አይተነፍስም። የሚተነፍሰው የእርሷ ስፌት ነው።»

የእጅ ቦርሳ አየር የመያዝ ግዴታ እንደሌለበት ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ነገር ግን ከመጋረጃው የለቀቀው ቀይ ቀለም በጆንያው ማንገቻ ላይ እየወረደ ስለነበር ክርክሬ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ሾፌሩም «የሚተነፍስ ዕቃ በሙሉ ዋጋ አልገዛም» አለ። ሰው ሁሉ «እውነቱን ነው» አለው። ግማሽ ዋጋ ላይ ተስማማን፤ ገንዘቡን ስቆጥር ጎሚስታው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ የፍተሻ ሒሳብ ጠየቁኝ፤ እኔም ከፈልሁ።

ሾፌሩ ውኃ የሚያንጠባጥበውን ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቶ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ለራሱ ደግሞ የኪስ ቦርሳ እንድሠራለት አዘዘኝ፤ ካላማዳሪውንም ከፊተኛው የግራ ጎማ ራሱ አምጥቶ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ።

«ለጊዜው ጥጋን የለውም» አለ፤ «ግን ነገ ጊቤን እወርዳለሁ።»