ቤቲን ለማሳደስ

ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ፎንት አስቸግሯችሁ የሚያውቅ ካላችሁ ይሄ ይገባችኋል፣ ያላስቸገራችሁም ለሳቅ አንብቡት፣ እኔ እንደሆነ እስካሁን ሳስበው ግማሹ ያስቀኛል ግማሹ ያበሽቀኛል።

ቢሯችን ክራክ ዊንዶውስ በቫይረስ ካሰቃየን በኋላ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ወደ ኡቡንቱ፣ ማለትም በዊንዶውስ ምትክ ወደሚሠራው ነፃ ሊኑክስ አዞርናቸው። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ለመደው፣ ደብዳቤ የሚጽፉልን እትዬ ብቻ ሲቀሩ። እሳቸው ከፓወር ግዕዝ ዘመን ጀምሮ ሲተይቡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ኪቦርዱን ሳያዩ ነው የሚመቱት፣ ማማረር የሚባል ነገርም አያውቁም። እሳቸው "ፊደሉ ጭጋግ ለብሶብኛል" ካሉ እኮ ያው ጭጋግ አለ ማለት ነው።

አለቃችን ግን የራሱ ሎጂክ አለው። ደብዳቤውን ፕሪንት አስደረገና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ ጥርት ያለ ነው። "ይኸው፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፣ ዓይንዎን ቢታዩ ነው የሚሻለው" አላቸው። ላይ ላዩን ሲያዩት ያሳምናል አይደል? ፕሪንተሩ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ያወጣል፣ ያ ሞኒተር ደግሞ መቶም አይሞላ፣ ወረቀት ላይ የሚያምር ፊደል ስክሪን ላይ ጭቃ ቢሆን ምንም አይገርምም። ግን ይሄን ለማን ታስረዳለህ። እትዬ ሄደው ተመርምረው በገዛ ገንዘባቸው መነጽር አሠሩ።

መነጽሩን አድርገው የመጡ ዕለት እንዴት ነው ስላቸው "አሁንማ ጭጋጉ ራሱ ጎልቶ ነው የሚታየኝ" አሉኝ።

ከዛ ደግሞ ኤክስፐርት መጣ። እኔ ቅርንጫፍ ቢሮ ኔትወርክ ልዘረጋ ወጥቼ አለቃችን የእህቱን ልጅ አስመጥቶ አሳየው። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? 1600 በ900 የሆነውን ሞኒተር 1024 በ768 አደረገላቸው፣ "ፊደሉ ትልቅ እንዲሆንላቸው" ብሎ። ኤልሲዲ ደግሞ ከራሱ ሬዞሉሽን ሲወርድ ምስሉን ለጥጦ ነው የሚያሳየው፣ አንዱ ነጥብ በጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል፣ በዛ ላይ ሰብፒክሰል (የአንዱን ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል ለየብቻ እያበራ ፊደሉን የሚያለሰልሰው) በርቷል፣ የፊደሉ ጠርዝ በአንድ በኩል ቀላ በሌላው ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ። በዚህ ላይ ሪፖርት ጻፈ፦ ሊኑክስ በተፈጥሮው ፎንት አይችልም፣ ዊንዶውስ ይገዛ። ክፍያው በዛው ቀን ተፈረመለት።

አባባሉ ድሮ የሆነ እውነት ነበረው። የአፕል የሂንቲንግ (ፊደሉን ከስክሪኑ ነጥቦች ጋር የማስማማት) ፓተንት እ.ኤ.አ. እስከ 2010፣ የማይክሮሶፍት የክሊርታይፕ (በሰብፒክሰል የማለስለስ) ፓተንት ደግሞ እስከ 2019 ጊዜያቸው ስላላለቀ ሊኑክስ ላይ ፊደሉን የሚስለው ፍሪታይፕ የተወሰነ ችሎታውን ዘግቶ ነበር የሚወጣው። አሁን ግን ያ ሁሉ አልፏል፣ ልጁ የድሮ ሐሜት ነው የሸጠልን።

የፈነዳው በብድር ደብዳቤ ነው። አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ ቤቱን ሊያሳድስ ብድር ጠይቆ እትዬ ይጽፉለታል፣ ጉዳዩ የሚለው መስመር እንደ ወጉ ቦልድ ነው። አለቃችን ከኋላቸው ቆሞ ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦

"ጉዳዩ፦ ቤቲን ለማሳደስ ብድር ስለመጠየቅ።"

ቢሮው ጸጥ አለ። ሒሳብ ክፍሏ ልጅ ቀድማ ፍርፍር አለች።

"ቤቲ ደግሞ ማናት?" አለ፣ የምሩን ነው።

እትዬ ዘወር እንኳን አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ኋላ ዘረጉለት። "ቤቴን ነው የሚለው። እንኩ፣ ዓይንዎን ቢታዩ ነው የሚሻለው።"

እኔ እዛ ባልኖር ኖሮ ይሄንን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ከዛ መቼም አለቃ ነውና ወደኔ ዞሮ "አንተስ ምን ትሠራለህ እዚህ?" አለኝ። ልጁ ክፍያ ሲቀበል እኔ ምን እንደምሠራ የጠየቀ አልነበረም፣ ይሁን።

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንስቼ በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። ቀጭኑ ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ የነበረው ብዥታ የሞኒተሩ ነው፣ ስክሪንሾት የሞኒተር መለጠጥ አይዝም። ቦልዱ ግን እኔም ላፕቶፕ ላይ ቆሽሿል። አጉልቼ ሳየው "ቴ" እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት መሀሏ ተደፍኖ ደረቅ ጭረት ሆናለች፣ ማለትም በቃ "ቲ" ሆናለች። "ጠ" እና "ጨ" እግራቸው ተጣብቆ ጥቁር እብጠት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብዳቤዎቹ በሙሉ ፎንታቸው ኒያላ ተብሎ ነው የሚመጡት፣ ኒያላ ደግሞ የዊንዶውስ ናት፣ እኛ ጋ የለችም። ደብዳቤ የምንጽፍበት ሊብረኦፊስ የፎንቷን ስም በዘመመ ጽሑፍ ያሳያል፣ የለችም ማለቱ ነው፣ ግን ማን ያየዋል። ሊኑክስ ላይ ፎንት የሚመርጠው ፎንትኮንፊግ በምትኳ አቢሲኒካን ያመጣል። አቢሲኒካ ቆንጆ ፎንት ናት፣ የብራና ጽሑፍ ነው የምትመስለው፣ ግን ሬጉላር ብቻ ናት፣ ቦልድ የላትም። ቦልድ ስትጠየቅ ሲስተሙ ራሱ መስመሩን አወፍሮ የውሸት ቦልድ ይሠራል። ላቲን ላይ ብዙም አይታወቅም፣ የኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው በዛች ትንሽ ቀለበትና ቅጥያ ላይ ስለሆነ ወፍራም ሲሆን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ቀሪው ሥራ ቀላል ነበር። ሬዞሉሽኑን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ፊደሉ እንዲተልቅ ከፈለጉ የጽሑፍ ስኬሊንጉን (የፊደሉን መጠን) ትዊክስ በሚባለው ማስተካከያ 1.25 ማድረግ ነው፣ ሞኒተሩን ማሰቃየት ምን አመጣው። ሰብፒክሰሉን አጥፍቼ ግሬይስኬል (በግራጫ ብቻ የሚያለሰልስ) አደረግኩት፣ ሂንቲንጉን ስላይት (ቀለል ያለ)። ኖቶ የሚባሉትን ፎንቶች ጫንኩ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እውነተኛ ቦልድ አላት፣ ከዛ የፎንትኮንፊግ ፋይል በሆነው ፎንትስ ዶት ኮንፍ ላይ ኒያላ ሲባል እሷን አምጣ ብዬ ጻፍኩና የፎንት ካሹን አደስኩ። ሊብረኦፊስን ዘግቼ ስከፍተው "ቤቴን" ቀለበቷ ክፍት ብላ ቁጭ።

እትዬ ያለ መነጽር አዩት፣ በመነጽር አዩት፣ እንደገና ያለ መነጽር አዩት። "ታዲያ ይሄን መነጽር ምን ላድርገው?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ትርፍ ሰዓት ሞልቼ ሳቀርብ አለቃችን የድሮውንና የአሁኑን ደብዳቤ ፕሪንት አስደርጎ ሁለቱን ጎን ለጎን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጋቸው። "ምን ተቀየረ? ያው ነው እኮ" ብሎ ፎርሙን ሳይፈርም መለሰልኝ።

ሰሞኑን ደግሞ የእህቱ ልጅ ደወለልኝ። ሌላ ቢሮ ተመሳሳይ ሥራ ይዟል፣ ያቺን የፎንት ፋይል ላክልኝ ወንድሜ አለ። ኦፕን ሶርስ አይደል፣ እውቀት መደበቅ ነውር ነው፣ ወዲያው በቴሌግራም ላክሁለት። ስለ ሬዞሉሽኑ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም።