ጣሪያው ብረት ላይ የተኛው ዱቄት

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ የለም። በምሠራበት የዱቄት ፋብሪካም መስኮት የሚከፍት አልነበረም። ብናኙ መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ብረት ላይ፣ የመብራት ገመዱ ላይ ይተኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በኮምፕረሰር እንነፋውና ጸዳ እንላለን።

አንድ ቀን በያጁ እህሉን ወደ ላይ ከሚያወጣው ማሽን፣ ከኤሌቫተሩ፣ አናት ላይ ቀዳዳ ደፍኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌሊት ዘበኛው ሽታ ተከትሎ ገባ። ከሥር የተከመረው የፉርሽካ ጆንያ ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ነበር። ቀስ አድርጎ ውኃ አፈሰሰበትና እሳቱ ጠፋ። ጠዋት ሁሉም "ተመስገን" ብሎ ሥራውን ጀመረ። የደኅንነቱ ኃላፊ እኔ ነኝና እንቅልፍ አጣሁ።

ማንበብ ጀመርኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ አንድ የስኳር ፋብሪካ ፈንድቶ 14 ሰው ሞቷል። የስኳር ብናኝ ነው! የመጀመሪያው ፍንዳታ በየቦታው የተኛውን ብናኝ አራገፈው፤ ሕንፃውን ያወደመው ተከትሎ የተቀጣጠለው ነው። ለመነሻው የተጠረጠረው የጋለ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዘንግ የሚደገፍበት የማሽን ክፍል) ነበር። ኩሽኔታ እኛም ጋ ሞልቷል።

ይህንን ለመካኒካችን ስነግራቸው "ልጄ፣ 20 ዓመት ዱቄት ውስጥ ስኖር ሲነድ አላየሁም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክምር ዱቄት ላይ ክብሪት ብትጭር ይጠቁራል እንጂ አይነድም። አየር ላይ ሲበተን ግን ሌላ ነው። ከግቢው ርቀን ሜዳ ላይ ወጣን። ሻማ ለኮስኩ። አንድ ማንኪያ ዱቄት በረጅም ቱቦ ወደ ነበልባሉ ነፋሁ። ቦግ አለ! ጋሼ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ዝም ብለው ቆዩና "ቅዳሜ ቅዳሜ የምንነፋው ይኼንን ነው?" አሉ።

ኮምፕረሰሩ በዚያው ቀረ። አሁን ማሽን አቁመን፣ ከላይ ወደ ታች፣ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለን እንጠርጋለን። ያለ ፈቃድ ወረቀት ብየዳ የለም፤ መስመሩ ይቆማል፣ ዙሪያው 11 ሜትር ይጸዳል፣ ሥራው ሲያልቅም አንድ ሰው ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠብቃል። በጣም የከበደኝ ዘበኞቹ መጋዘን ውስጥ የሚሞቁት የከሰል ምድጃ ነበር። በዚያ ብርድ "አውጡ" ማለት ብቻውን ግፍ ነው። ሥራ አስኪያጁን ለምኜ፣ ተከራክሬ፣ ከመጋዘኑ ራቅ ያለች ክፍል አሠራሁላቸው።

የኩሽኔታዎቹን ሙቀት ጋሼ በየፈረቃው እየለኩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ባለፈው ወር አንዱ ሲግልባቸው ማንንም ሳይጠይቁ ማሽኑን አቆሙት። ግማሽ ቀን ምርት አልነበረም። የተቆጣቸው ሰው የለም።