«ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ገበያው እንዲወስነው ሲለቅ፣ የአንድ ዶላር ዋጋ በንግድ ባንክ በአንድ ጀምበር ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ውስጥ «ያላግባብ ዋጋ ጨመሩ» የተባሉ ሱቆች ይታሸጉ ጀመር። ያኔ ሬዲዮ ዜና ክፍል ነበርኩ፤ የምሳ ሰዓቱን ዜና የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እሽጉን ከላይ አደረግኩት። ቀጥሎ የምንዛሪውን ለውጥ፣ ከዚያ አብዛኛው የምግብ ዘይታችን በዶላር ተገዝቶ የሚገባ መሆኑን ጻፍኩ። አርታኢያችን ሁለቱን የኋላ አንቀጾች ሰረዟቸው።

«ይሄን ለኢኮኖሚ ፕሮግራም ተውላቸው። ዜናው እሽጉ ነው።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ከወጣ እኮ ሰው ዘይት የተወደደው በባለሱቁ ብቻ ይመስለዋል።»

«ውሸቱ የቱ ጋ ነው? አሳየኝና ላውጣው።»

ደግሜ አነበብኩት። ሱቆቹ ታሽገዋል። የድሮ ዕቃውን በአዲስ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴም ነበር፤ እኔው ራሴ ገዝቻለሁ። ውሸት አጣሁበት። ዜናው እንደተቆረጠ ተነበበ።

ወዲያው የአድማጮች ስልክ ተከፈተ። ፈቃዳቸው ይነጠቅ፣ ይታሰሩ፣ ስማቸው ይነገር። አንዲት እናት የሰፈራቸውን ባለሱቅ በስም ሊጠሩ ሲሉ ቴክኒሻኑ መስመሩን ቆረጠው። ስለ ባንክ ወይም ስለ ዶላር የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከየት አምጥተው ይጠይቁ? ያቀረብንላቸው ተከሳሽ አንድ ብቻ ነው፤ እነሱም በእሱ ላይ ፈረዱ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ሰዎቹ ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ የኑሮው ውድነት አንገብግቧቸው ምክንያቱን ሲፈልጉ እኛ ግማሹን ሰጠናቸው።

ቅዳሜ የኢኮኖሚ ፕሮግራሙ የተሰረዘውን ሁሉ በሰፊው አቀረበ። የዚያን ዕለት ደዋዮች ሌላ ነገር ጠየቁ፦ ደሞዛችንስ? ቀድሞ ለምን አልተነገረንም? ድሃውን ማን ይደጉመዋል?

ሰኞ አርታኢያችን ጠሩኝ። «አየህ፣ ሁለቱንም አቀረብን።»

አላቀረብንም። የምሳ ሰዓቱ ዜና ታክሲ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ለቆመው ሁሉ ይደርሳል። የቅዳሜውን የሰማው ፈልጎ የከፈተው ብቻ ነው።