ዥንጉርጉሩ ጽጌረዳዬ ሲቀላ፦ የመረጣና የመግረዝ ልምዴ

ባለፈው ሜይ መጨረሻ ላይ በጓሮዬ ያለው ፈርዲናንድ ፒሻር የተባለው ዥንጉርጉር ጽጌረዳ አንድም ወጥ ቀይ አበባ ሳይቀላቀልበት ከላይ እስከ ታች ዥንጉርጉር ሆኖ ስላበበ፣ እዚህ ሜሪላንድም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ ጽጌረዳ ለምታለሙ ወገኖች ልምዴን ጽፌ ለማካፈል ወሰንኩ። ኩራት እንዳለበት አልደብቅም፤ ይኸው ተክል ከዚያ በፊት ግማሽ ጎኑ እየቀላ ብዙ ሲያስቸግረኝ ቆይቷልና። ስለ ዥንጉርጉር ጽጌረዳ የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልጉት የትኛው ዝርያ እንደሚያምር ነው። በእኔ አስተያየት ግን ዝርያ መምረጥ የሥራው ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ዋናው ሥራ ተክሉ ከጸደቀ በኋላ የትኛውን ቅርንጫፍ ማቆየት፣ የትኛውን ቆርጦ መጣል እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው።

ስለ አተካከሉ ብዙ አልልም። የአካባቢያችን አፈር በአብዛኛው ከባድ ሸክላማ ስለሆነ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ ቆፍሮ ኮምፖስት መቀላቀል፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መምረጥ፣ ማለዳ ማለዳ ቅጠሉን ሳያረጥቡ ከሥሩ ማጠጣት፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል ፎርሲቲያ የተባለው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባውን ባወጣበት ሰሞን መግረዝ ይበቃል። የሙዝ ልጣጭ ቅበሩ፣ ኤፕሰም ጨው በትኑ የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ እኔ ግን አፈሩን ሳላስመረምር ምንም አልጨምርም። የጃፓን ጥንዚዛ በጁን መጨረሻ ሲመጣ፣ ማለዳ ገና ደንዝዞ ሳለ ሳሙና ያለበት ውኃ ውስጥ ማራገፍ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው ወጥመድ የጎረቤትን ጥንዚዛ ጭምር ጠርቶ ያመጣል። ለአጋዘን ግን አጥር እንጂ ምክር የለም።

ዥንጉርጉር ጽጌረዳ የቅርብ ጊዜ የገበያ ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። ሮዛ ሙንዲ የተባለው ዥንጉርጉር ጽጌረዳ ግን ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ የተገኘውም የጥንት መድኃኒት ቀማሚዎች ይገለገሉበት ከነበረው ወጥ ቀለም ካለው የጋሊካ ጽጌረዳ አንድ ቅርንጫፍ በራሱ ተለውጦ በመዥጎርጎሩ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያብብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክረውም። እ.ኤ.አ. በ1909 ከጣሊያን የወጣው ቫሪየጋታ ዲ ቦሎኛ ነጭ ለማለት በሚያስደፍር መደብ ላይ ወይን ጠጅ ጭረት ያለው፣ መዓዛውም አጥር ተሻግሮ የሚሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ከፈረንሳይ የወጣው ፈርዲናንድ ፒሻር ደግሞ በፈዛዛ ሮዝ ላይ ደማቅ ቀይ ጭረት ያለው ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ደጋግሞ ያብባል። ለዛሬዎቹ ዥንጉርጉሮች በር የከፈተው እርሱ ነው፤ በካሊፎርኒያ፣ በቪሳሊያ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ራልፍ ሙር ፈርዲናንድ ፒሻርን ከሌሎች ጋር እያዳቀሉ ጭረቱ በዘር እንደሚተላለፍ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የተባለው ድንክ ጽጌረዳም የዚያ ሥራ ውጤት ነው። በቶም ካሩዝ የተዳቀለውና እ.ኤ.አ. በ1997 የመላው አሜሪካ ጽጌረዳ ምርጫን ሽልማት ያገኘው ሴንቲሜንታልም የዘር ሐረጉ ወደ ሙር ጽጌረዳዎች ይደርሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሽልማት ያገኘው ፎርዝ ኦፍ ጁላይ የተባለው ተንጠላጣይ ጽጌረዳም የካሩዝ ሥራ ነው፤ ጀማሪ ለሆነ ሰው ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

ስትገዙ የካታሎግ ፎቶ አትመኑ። የዚህ ዓይነት ጽጌረዳ ሁለት አበባ እንኳ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም፤ ፎቶ አንሺው ከመቶ አበባ መርጦ ያነሳውን አንድ አበባ አይቶ መግዛት ማለት ያልገዙትን ነገር መጠበቅ ማለት ነው። በሜይ መጨረሻ ወደ ችግኝ መሸጫ ሄዳችሁ፣ ተክሉን አበባውን እንደያዘ አይታችሁ፣ ከአንድ በላይ አበባ መርምራችሁ፣ ከሥሩ የሚወጡት ቅርንጫፎች ሁሉ ዥንጉርጉር ማበባቸውን አረጋግጣችሁ ግዙ። በፌብሩዋሪ ሥሩ ብቻ ታሽጎ የሚመጣው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ምን እንደገዛችሁ የምታውቁት ዘግይታችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጭረቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለመቀሱ ሥራ በቀጥታ ይጠቅማል። በጥንት ቱሊፖች ላይ ይታይ የነበረው ጭረት ከቫይረስ የመጣ ነበር፤ የጽጌረዳው ግን በሽታ አይደለም። በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ቀዩን ቀለም የሚያሠራው ዘረመል ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘል ሌላ የዘረመል ቁራጭ ገብቶ ሥራውን እንደሚያግድበት የሚገልጸው ነው። ቁራጩ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ ዘሎ ሲወጣ ያ ሕዋስና ከእርሱ የሚባዙት ሁሉ ይቀላሉ። ዝላዩ የአበባው ቅጠል ገና መፈጠር ሲጀምር ከደረሰ ሰፊ ቀይ መቀነት፣ እድገቱን ሊጨርስ ሲል ከደረሰ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጠብጣብ ይወጣል። ባርባራ ማክሊንቶክ እንዲህ ያሉትን ዘላይ ቁራጮች በበቆሎ ላይ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1983 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ዝላዩ የሚደርሰው ቅርንጫፍ በሚያወጣው ጉጥ ውስጥ ከሆነ ግን ጣጣው ከአንድ አበባ ያልፋል፤ ከዚያ ጉጥ የሚያድገው ቅርንጫፍ በሙሉ ወጥ ቀይ ያብባል። ነብር ዥንጉርጉርነቱን አይለውጥም የተባለው እንግዲህ ለጽጌረዳ አይሠራም።

በእኔ ተክል ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከመሀል የወጣ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ወጥ ቀይ አበባ ይዞ ብቅ አለ፤ በተከታዩ ዓመት ከጎረቤቶቹ ሁሉ በቁመትም በውፍረትም በልጦ ብርሃኑን መሻማት ጀመረ። ቅርንጫፉን በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ታች ስወርድ መጋጠሚያው አጠገብ ከወጣች አጭር ቅጥያ ላይ አንዲት አበባ አገኘሁ፤ ግማሽ ጎኗ በቢላዋ የተሰመረ ያህል ወጥ ቀይ፣ ሌላው ግማሽ ጎኗ እንደ ወትሮው ዥንጉርጉር ነበር። እንዲህ ያለች አበባ ስታዩ ደስ ብሏችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። ያ ቅርንጫፍ በአንድ ጎኑ ተለውጦ በሌላ ጎኑ ሳይለወጥ የቀረ ነው፤ በቀዩ ጎን ካለው ጉጥ የሚወጣው ወጥ ቀይ፣ በሌላው ጎን ካለው የሚወጣው ዥንጉርጉር ሊሆን ይችላል። ከአበባዋ በታች ብቻ ቆርጦ መተው ቀዩን ጉጥ ማነቃቃት ስለሆነ፣ እኔ ቅርንጫፉን በሙሉ ከተነሣበት መጋጠሚያ ድረስ ቆርጬ አወጣሁት።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የቀላ ጽጌረዳ ሁሉ ወደ ወጥ ቀይነት ተመልሶ የቀላ አይደለምና። በቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እኅት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሴንቲሜንታሌ ዘንድሮ ጥቁር ቀይ ሆነብኝ፣ እርስዎ እንደሚሉት ልቁረጠው?» አለችኝ። «እኅቴ፣ መቀሱን አስቀምጪና መጀመሪያ ከየት እንደወጣ እዪልኝ» አልኳት። ሄጄ ሳየው ረጃጅምና የሚለመጡ ቅርንጫፎች ከአፈር ውስጥ፣ ጽጌረዳው ከሥሩ ጋር ከተቀጠለበት እብጠት በታች ተነሥተው ተክሉን ውጠውታል። አበቦቹ ወደ ጥቁርነት ያደሉ ቀይ፣ ቅጠላቸው ሁለት ሦስት ረድፍ ብቻ፣ መሀላቸው ላይ ቢጫው ዘር አባዥ ወለል ብሎ የሚታይ ነበር። ይህ ዶክተር ሂዊ ነው፤ በአሜሪካ የሚሸጡ በርካታ ጽጌረዳዎች የሚቀጠሉበት ሥር ማለት ነው። ጆርጅ ቶማስ የተባሉት አዳቃይ ከመቶ ዓመት በፊት አውጥተው በፊላደልፊያው የጥርስ ሐኪም በሮበርት ሂዊ ስም የሰየሙት ሲሆን፣ ከላይ ያለው ተክል በብርድ ሲሞት ወይም ሲደክም ከሥር ተነሥቶ ቦታውን ይወርሳል።

ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ተመልሶ የቀላው ቅርንጫፍ የሚነሣው ከእብጠቱ በላይ ነው፤ አረንጓዴ ቅጠሉ፣ እሾኩ፣ የአበባው ቅርጽና መዓዛው እንደ እናቱ ሆኖ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው፤ እናቱ ደጋግማ የምታብብ ከሆነች እርሱም ደጋግሞ ያብባል። ዶክተር ሂዊ ግን ከእብጠቱ በታች ይነሣል፤ ሁሉ ነገሩ ሌላ ነው፤ በጸደይ አንድ ጊዜ አብቦ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይከርማል። የመጀመሪያው በመቀስ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ግን ተቆርጦ ከተተወ ብዙ ሆኖ ስለሚመለስ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከተነሣበት ሥር ላይ በጉልበት ገንጥሎ ማውጣት ያስፈልጋል። በዚያች እኅት ጓሮ ከላይ ያለው ሴንቲሜንታል ፈጽሞ ሞቶ ስለነበር የሚድን ነገር አልተገኘም። ስለዚህ በራሱ ሥር የቆመ ተክል ግዙ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ ነገር ግን ብርድ እስከ አፈር ድረስ ቢገድለው እንኳ የሚመለሰው ራሱ ነው። በሌላ ሥር የተቀጠለው ቶሎ ያድጋል እያሉ የሚከራከሩኝ ወዳጆች አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ እኔ ግን ፍጥነቱን አልፈልገውም።

ከመቀሱ በላይ የምወደው መሣሪያ ተራ የሹራብ ክር ነው። ጽጌረዳ የሚገረዘው በማርች ነው፤ በማርች ደግሞ ቀዩም ዥንጉርጉሩም ቅርንጫፍ ቅጠልም አበባም ስለሌለው አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። በዚያን ጊዜ የሚገርዝ ሰው ደካማውን ቆርጦ ጠንካራውን እንደሚያስቀር የተማረ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጠንካራ የሆነውን ቀዩን ያስቀርና ዥንጉርጉሩን ይጥላል። ስለዚህ ወጥ ቀይ ያበበውን ማርችን ሳልጠብቅ እዚያው በሜይ፣ አበባው ላይ ሳለ እቆርጣለሁ። ጭረቱ ጥርት ብሎ በመላው አበባ ላይ የተሠራጨበትን ቅርንጫፍ ደግሞ ከታች ሰማያዊ ክር አስርበታለሁ። ክሩ ውፍረቱን እንዳያንቀው ላላ ብሎ መታሰር አለበት፤ ቀለሙም ከግንዱ ጋር የማይመሳሰል ይሁን። በማርች ስገርዝ ጥያቄው የትኛው ወፍራም ነው የሚለው መሆኑ ይቀርና ክር ያለው የትኛው ነው የሚለው ይሆናል። ዘንድሮ ያበበው ፈርዲናንድ ፒሻር የዚህ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ወጥ ቀይ የሆነ ቅርንጫፍ ተመልሶ ሲዥጎረጎር ግን አላየሁም፤ ይመለስ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁት።

በዝናባማ ሜይ ሌላ አሳሳች ነገር አለ። በአበባው ነጭ ክፍል ላይ ክብ ክብ ያሉ፣ ጠርዛቸው ሮዝ የሆነ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ለአዲስ ሰው የጭረቱ አካል ይመስላሉ። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ጭረት ከአበባው ቅጠል ሥር ወደ ጫፉ ይሄዳል፣ እነዚህ ግን ያለ አቅጣጫ የተረጩ ናቸው። ቦትራይቲስ የተባለው ግራጫ ሻጋታ ነው፤ አበባውን ቆርጦ ከጓሮ ማውጣትና ቅርንጫፎቹን ሳሳ አድርጎ አየር ማስገባት እንጂ መድኃኒት መርጨት አያስፈልገውም።

ስለ ቫሪየጋታ ዲ ቦሎኛ ምክሬና ሥራዬ አይስማሙም። ማንም ሰው በዚህ በሚወብቀው አገር እንዳይተክለው እመክራለሁ፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ ቅጠሉ ላይ ለሰዓታት የቆየ እርጥበት ካገኘ በቂው ስለሆነ፣ ኦገስት ሲገባ ተክሉ ከጫፉ በቀር ራቁቱን ይቀራል። የራሴን ግን አልነቀልኩትም፣ ለመንቀልም አላሰብኩም፤ ለዚያች ለሁለት ሳምንት መዓዛ ስል የቀረውን ወራት ሌሎች ተክሎች ፊቱ ላይ ተክዬ እሸፍነዋለሁ። አዲስ አበባ ያለው የእኅቴ ልጅ ሮዛ ሙንዲ ላክልኝ እያለ ይለምነኛል፤ የብርድ እንቅልፍ የለመደ ተክል ስለሆነ እዚያ እንደሚገባው ያብብልሃል ብዬ ልዋሸው አልፈልግም፤ በሻንጣ ችግኝ መላክም የኳራንታይን ሕግ መጣስ ነው። ከእዚያው ችግኝ ሻጭ አበባውን አይቶ ይግዛ ብዬዋለሁ፤ እስካሁን ተቀይሞኛል።

ክር ካሰርኩባቸው ቅርንጫፎች በሴፕቴምበር ቁራጭ እወስዳለሁ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አበባው በቅርቡ የረገፈ፣ አራት ያህል ጉጥ ያለው ቁራጭ ተመርጦ፣ ሁለቱ ጉጦች አፈር ውስጥ እንዲገቡ ተደርጎ ይተከልና ታቹ በተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸፈናል። ከፊሉ ሁልጊዜ ይበሰብሳል። ግማሽ ጎኗ ቀይ አበባ ካወጣ ቅርንጫፍ፣ ወይም ሲያብብ ካላየሁት ቅርንጫፍ ለማንም ቁራጭ አልሰጥም። ከማባዛታችሁ በፊት ደግሞ የተክሉን ካርድ ተመልከቱ፤ በአሜሪካ የተክል ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ስለሚጸና፣ አዳዲሶቹን ያለ ፈቃድ ማባዛት አይፈቀድም። ፈርዲናንድ ፒሻርና ቫሪየጋታ ዲ ቦሎኛ ግን የማንም አይደሉም፤ የሴንቲሜንታልና የፎርዝ ኦፍ ጁላይም ጊዜ አልፏል።