ድሬ በምሽት፦ ሸራው፣ ነፋሱና ሸጎዬው

ደንገጎን መውረድ ስንጀምር ሹራብ አወለቅን። በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ አድርጎ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚመጣ መንገደኛ ድሬዳዋ የምትጀምረው እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ድሬ ላይ ፊልምም ሙዚቃም ደጅ የሚያምረው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ ወይም እንቅልፍ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማታ ይወጣል። እናንተም ቀኑን ተኙበት።

የፊልሙ ማስታወቂያ 12፡30 ቢል አትቸኩሉ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ 11፡55 አካባቢ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ 12፡35 አካባቢ ትጠልቃለች፤ ሸራ ላይ የሰው ፊት ለመለየት ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በመግሪብና በኢሻ ሶላት መሃል ተጀምሮ ለአዛን የሚቋረጥ ፊልም ለማንም አይጥምም። ነገሩን የሚያውቅ አዘጋጅ ኢሻ ሲያበቃ ይከፍታል። እስከዚያ ሳምቡሳ በሻይ።

ቅዳሜ ማታ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ የተወጠረው ሸራ 4 ሜትር በ2.25 ነበር። 3,000 ሉመን ብርሃን ያለው ፕሮጀክተር ከ6 ሜትር ርቀት በደንብ ይሞላዋል። ፈተናው ነፋስ ነው። 9 ካሬ ሜትር ጨርቅ ማለት የጀልባ ሸራ ማለት ነው፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከ50 ኪሎ በላይ ይገፋዋል። አራቱን ማዕዘን ጥርቅም አድርጎ ያሰረ ሰው ወይ ሸራው ይቀደድበታል፣ ወይ ብረቱ ተመልካች ላይ ይወድቅበታል። እዚህ ግን የላዩን ጠርዝ በገመድ አጥብቀው የታችኛውን በብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ አስረውታል። ነፋስ ሲመጣ ጨርቁ ትንሽ ይነፋና ይመለሳል፤ የተዋናዩ ጉንጭ ለአፍታ ያብጣል፣ በቃ። የምሰሶዎቹ እግር ላይ ደግሞ አሸዋ የሞላ ጆንያ። አሸዋ መቼም ድሬ ላይ አይጠፋም።

ከሸራው ከ6 እስከ 12 ሜትር ባለው ቦታ ተቀመጡ። ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ስፒከሩ ፊት ለፊት ብቻ ከሆነ 35 ሜትር ወደ ኋላ ያለ ሰው ንግግሩን የሚሰማው ከንፈር ከተንቀሳቀሰ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በኋላ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ያበሳጫል።

መብራት ቢሄድ የፕሮጀክተሩ ማቀዝቀዣ አብሮ ይቆማል፤ አምፖሉ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ስለዚህ በመሃል ባትሪ ያስፈልጋል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያቆያል። የፈንዲሻ ማሽን እዚያው መስመር ላይ የሰካ ደግሞ ምስሉ ሲጠፋ ማንንም አይውቀስ።

የእሑዱ ሙዚቃ ሌላ ዓለም ነው። ድሬ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተነሳባት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው ድምፃዊ አሊ ቢራ የተወለደባት ከተማ ናት፤ አንድ ምሽት ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ቢከታተሉ የሚገርመው እንግዳ ብቻ ነው። ወንበር መድረኩ ሥር መደርደር ስህተት ነው። ሸጎዬ ፊት ለፊት ተገጣጥሞ አንገት የሚወዘወዝበት፣ ዳንቶ በሰልፍ የሚሄድ ጭፈራ ነው፤ ሁለቱም ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ መሬት ይፈልጋሉ። ቦታ ካልተተወላቸው ወንበሩን ራሳቸው ያነሱታል፣ አቦ! ማይክ ሲያፏጭ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዘፋኙ ከስፒከሮቹ ፊት መውጣቱ ነው፤ ሚክሰሩ ላይ ከመታገል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ይቀላል።

እጅጌ ያለው ልብስ ያዙ፣ ለብርድ ግን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋን ያዳረሰውን ቺኩንጉንያ የተባለ የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ትነክሳለች፤ የወባዋ ደግሞ ሌሊት።

ሲያልቅ የባጃጁን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ። በመኪና የመጣችሁ ደረቅ ነው ብላችሁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታቁሙ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የመጣው ደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ነው። ሰኞ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መጋላ ሰፈር ተሻገሩና ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ትኩሱን ግዙ፤ ሽሮፑ ስለሚያፈስ በሁለት ፌስታል አስይዙት።