የላኪው ስም ማስረጃ አይደለም

በሐዋሳና በዙሪያዋ የምንሠራ የግብርና ባለሙያዎች ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ፣ ስለ ቡና ተክልና ስለ ሐይቁ ዓሣ የምንወያይበት የኢሜይል ቡድን አለን፤ የቡድኑን ቴክኒካዊ ሥራ የምከታተለው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን በምናከብራቸው ጡረታ የወጡ ባለሙያ ስም፣ ያለ ዋስትና ብድር እንደሚገኝና ለዚህም የመመዝገቢያ ገንዘብ በቅድሚያ መላክ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ መልእክት ለአባላቱ በሙሉ ደረሰ። አንዳንዶቹ ነገሩን ሳያጣሩ እሳቸውን መውቀስ ጀመሩ፤ አንዱማ ሁላችንም በምናየው መልስ «በዚህ ዕድሜዎ ምን ነካዎት?» ብሎ ጻፈላቸው። እሳቸውም ደውለው «ልጄ፣ ይህን እኔ አልጻፍሁም፤ ኢሜይሌንም ከከፈትሁ ሰንብቻለሁ» አሉኝ። ቃላቸውን አልተጠራጠርሁም። ይሁን እንጂ ስማቸው የጠፋው በጽሑፍ ስለሆነ መልሱም በማስረጃ ተደግፎ በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት።

በኢሜይል ላይ «ከ» በሚለው ቦታ የሚታየው ስም ላኪው ራሱ የሚሞላው ነው። ጆን ፖስቴል በ1982 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ኤስኤምቲፒ የተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ፣ ኮምፒውተሮቹ ጥቂትና ተጠቃሚዎቹም እርስ በርስ የሚተማመኑ በነበሩበት ጊዜ የወጣ በመሆኑ፣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ፖስታ ላይ የማንንም ስም ጽፎ ሣጥን ውስጥ መክተት እንደሚቻል ሁሉ፣ እዚህም ሰርቨሩ፣ ማለትም አስተላላፊው ኮምፒውተር፣ የተነገረውን ተቀብሎ ያስተላልፋል።

በውይይት ቡድኖች ውስጥ የአይፈለጌ መልእክት ታሪክ የሚጠቀሰው በርዕስ የተከፋፈሉ የውይይት ቡድኖች ከነበሩበት ዩዝኔት ከተባለው የቀድሞ የኮምፒውተር መረብ ጀምሮ ሲሆን፣ በጉዳዩ ስሙ የገነነው መልእክት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ስለ ዲቪ ነበርና። በሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. ካንተርና ሲገል የተባሉ በአሪዞና ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ የግሪን ካርድ ሎተሪ ለመሙላት ስለሚሰጡት አገልግሎት ከ5,000 በላይ በሆኑ የዩዝኔት ቡድኖች ማስታወቂያ በተኑ። እነርሱ ስማቸውን አልደበቁም፤ የቁጣ መልእክትም ጎርፎባቸዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን ቁጣው ሌላ ሰው ላይ እንዲያርፍ ማድረግን ተማሩ። ዩዝኔት ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር ስሙን እየጨመረበት የሚያልፍ «ፓዝ» የሚባል መስመር ነበረ፤ አጭበርባሪዎቹ መልእክቱን ከመልቀቃቸው በፊት በዚህ መስመር ላይ ያላለፉባቸውን ሰርቨሮች ስም አስቀድመው ይደረድሩበት ነበር። የሚገርመው፣ አይፈለጌ መልእክትን የሚሰርዙት በጎ ፈቃደኞችም የመሰረዣ ትእዛዙ እንዲሠራላቸው የላኪውን ስም ተውሰው ይጽፉ ነበር። አስመስሎ መጻፍ የሁለቱም ወገን መሣሪያ ሆኖ እንደነበር ሳስብ፣ ሰው በስሙ ብቻ መጠርጠሩ ከጥንቱም መሠረት እንዳልነበረው ይታየኛል።

ወደ እኛ መልእክት ልመለስ። ጂሜይል ላይ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ስንጫን ሙሉው ሄደር፣ ማለትም የመልእክቱ የጉዞ መዝገብ፣ ይወጣል። በዚያ ውስጥ ዋናዎቹ «ሪሲቭድ» ብለው የሚጀምሩት መስመሮች ናቸው። መልእክቱን የተቀበለ ሰርቨር ሁሉ ከማን፣ መቼ እንደተቀበለ ጽፎ ከላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ በጊዜ ወደ ኋላ እንሄዳለን። የላይኛውን መስመር የጻፈው የራሳችን አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ስለሆነ ይታመናል፤ ቀጣዩን የጻፈው የቡድኑ ሰርቨር ነው፣ እርሱም ይታመናል። ከእነዚህ በታች ያለው ሁሉ ግን ላኪው ራሱ ጽፎት ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ወሬ ነው። መርማሪው አስቀድሞ መለየት ያለበት እምነት የሚያበቃበትን ይህን ድንበር ነው።

የቡድኑ ሰርቨር በጻፈው መስመር ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ላኪው ኮምፒውተር «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የሰጠው ስም ሲሆን፣ በዶት ኢቲ የሚያልቅ የአገራችን ተቋም ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) ነበር። ሁለተኛው በቅንፍ ውስጥ ያለው፣ ሰርቨሩ ግንኙነቱ የመጣበትን ራሱ አይቶ የመዘገበው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም የላኪው ኮምፒውተር የኢንተርኔት መለያ ቁጥር ነው፤ ትክክለኛውን ከማውጣት ለምሳሌ ብቻ በተከለለ ቁጥር ልተካውና 203.0.113.45 እንበለው። ስሙ የላኪው ቃል ነው፤ ቁጥሩ ግን የተቀባዩ ምስክርነት ነው። የእውነተኛውን ቁጥር ባለቤት ሁይዝ በተባለው የአድራሻ ባለቤቶች መዝገብ ስፈልግ፣ የአፍሪካ አድራሻዎች በሚመዘገቡበት በአፍሪኒክ ሳይሆን በአውሮፓው ራይፕ ኤንሲሲ ሥር ተገኘ፤ ሰርቨር ለሚያከራይ ድርጅት የተሰጠ ነበር።

ከዚያ በታች የተደረደሩት የ«ሪሲቭድ» መስመሮች መልእክቱ ከሐዋሳ እንደተነሣ ለማስመሰል የተጻፉ ናቸው። በአንደኛው ላይ የአድራሻው ሁለተኛ ክፍል 318 ይላል፤ በተለመደው የአይፒ አድራሻ ውስጥ ግን አንዱ ክፍል ከ255 ሊበልጥ አይችልም። የሰዓቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እዚህ የተላከ መልእክት በአገራችን ሰዓት በተስተካከለ ሰርቨር 09:00 +0300 ተብሎ ይመዘገባል (+0300 ማለት ከዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ በ3 ሰዓት መቅደም ነው)፤ ይህ «የሐዋሳ» ሰርቨር ግን +0100 ይል ነበር። ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በስህተት የተስተካከለ ሰርቨር ሞልቷል። ሰዓቶቹን ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ ስለውጣቸው ግን የታችኛው መስመር ከላይኛው በብዙ ሰዓታት ዘግይቶ ተገኘ፤ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ደርሷል ማለት ነው። የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ባለፍሁት ነበር።

የጋሼ የይለፍ ቃል ተሰርቆ ቢሆንስ ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ የሚወጣው ከአገልግሎት ሰጪያቸው ሰርቨር ስለሚሆን ዲኪም የተባለው ዲጂታል ፊርማ አብሮት ይመጣ ነበር። ነገር ግን ለአባላት የተሠራጨውን ቅጂ አይቶ ስለ ፊርማው መፍረድ አይቻልም፤ ቡድኑ በርዕሱ ላይ ስሙን፣ በግርጌው ላይ ማስታወሻውን ስለሚጨምር እውነተኛው ፊርማም ቢሆን ይፈርሳል። ያሁ በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚመጣና ማረጋገጫውን ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግበት ተቀባዮችን በሚያዝዘው በዲማርክ ጥብቅ ደንብ ባወጣ ጊዜ የብዙ ቡድኖች መልእክት የተመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የመረመርሁት ቡድኑ ከማሠራጨቱ በፊት የተቀበለውን የመጀመሪያውን ቅጂ ነው፤ ፊርማ የሚባል ነገር አልነበረበትም፣ አይፒ አድራሻውም የእሳቸው አገልግሎት ሰጪ በኤስፒኤፍ (በስሙ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው አድራሻዎች በሚገለጹበት መዝገብ) ከፈቀዳቸው ውስጥ አልነበረም። መልስ የሚላክበት አድራሻ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ምንም የማይገናኝ ነበር።

አጭበርባሪው የእሳቸውን ስም ለምን መረጠ ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ቡድናችን መልእክት የሚያስገባው «ከ» በሚለው ቦታ የአባል አድራሻ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ የአባል አድራሻ ደግሞ በየጊዜው ወደ ውጭ ከምናስተላልፋቸው መልእክቶች ግርጌ ላይ በቀላሉ ይለቀማል።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለአባላቱ ላክሁ፤ ወቃሹም ጋሼን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ለአከራዩ ድርጅት የአቤቱታ ክፍል ሙሉውን ሄደር አንድም ፊደል ሳልነካ፣ የሰዓት መለኪያውን ገልጬ አመለከትሁ፤ ደንበኛውን እንዳገዱ መለሱ፣ ማንነቱን ግን አልነገሩኝም። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተንን ያስቀጣል፤ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሲሆን ግን አዋጁን ይዞ ላኪው ዘንድ መድረስ ሌላ ሥራ ነው።

አሁን የኤስፒኤፍም ሆነ የዲኪም ማረጋገጫ የሌለው መልእክት በአባል ስም ቢመጣም እንኳ በቀጥታ እንዳይሠራጭ አድርጌያለሁ። ይህ ያጠመደው ግን አጭበርባሪዎችን ብቻ አይደለም፤ የኢሜይል ሰርቨራቸውን በወጉ ያላስተካከሉ መሥሪያ ቤቶች ባልደረቦችም መልእክታቸው እየተያዘ አቤት ይሉኛል። የየቢሮው ባለሙያ የኤስፒኤፍ መዝገብ በዶሜይናቸው ላይ እንዲያስገባ ነግሬያለሁ፤ እስኪያስገባ ድረስ የእነርሱን መልእክት አንድ በአንድ እያየሁ የማሳልፈው እኔ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ስለማላይ ሰኞ ይደርሳል።