«ተጉመጥመጡበት» ያልኳቸው አባባ

መድኃኒት ቤት ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያኔ ራሴን እንደ ጎበዝ ነው የማየው። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ አይቸግረኝም፣ መጠን አልስትም፣ ወረፋ ሲበዛ እጄ ይፈጥናል። ጣጣው እጄ ሲፈጥን አፌም አብሮ መፍጠኑ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስድሳን ያለፉ አባት ማዘዣ ይዘው መጡ። ድምፃቸው ሻክሯል። ምራቅ በዋጡ ቁጥር ፊታቸው ይኮማተራል። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን አይቶ ቫይረስ ነው ብሏቸዋል፣ አንቲባዮቲክም አላዘዘም (ጥሩ አድርጓል፣ እኛ ጋ ግን አንቲባዮቲክ ስጡኝ ብሎ የሚጨቃጨቀው ብዙ ነው)። ያዘዘላቸው የአፍና የጉሮሮ ሕመም ማስታገሻ መጉመጥመጫ ነው፣ ቤንዚዳሚን 0.15 ፐርሰንት። ሕመምንና ብግነትን ይቀንሳል፣ የነካውን ቦታም ትንሽ ያደነዝዛል። «የነካውን ቦታ» የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። እኔም በአንድ ትንፋሽ፣ «አባባ፣ በዚች መለኪያ 15 ሚሊ እየለኩ በየሦስት ሰዓቱ ይጉመጥመጡበትና ይትፉት፣ ከሰባት ቀን በላይ እንዳይጠቀሙ፣ ገባዎት?» አልኳቸው።

«ገባኝ ልጄ፣ ተባረክ» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሰው መጡ። ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ ቋ አድርገው አስቀመጡትና፣ «ይኼ መድኃኒትህ ሰነፍ ነው» አሉኝ። «ጉንጬንና ምላሴን አደንዝዞ አደንዝዞ ጉሮሮዬን እንዳለ ተወው። እኔን ያመመኝ ጉሮሮዬ፣ እሱ የሚያክመው ጥርሴን!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ቀጠሉ። «ትናንት ማታ ሲብስብኝ፣ ወደ ታች ቢወርድ ይሻላል ብዬ ሁለት ጊዜ ዋጥ አደረግሁት።»

ሳቄ እዚያው ደረቀ። «ይትፉት» ማለቴን አስታውሳለሁ፣ ግን ማለቴ ምን ሊጠቅመኝ? ኃላፊያችንን ጠራኋት። እሷ በዚህ ሥራ ያረጀች ናት፣ ስትጠይቅ አትቸኩልም። ስንት ስንት ዋጡ? በመለኪያው ነው በጠርሙሱ? ሆድዎን አመመዎት? አዞረዎት? አስፕሪን ይስማማዎታል? አስም አለብዎት? መድኃኒቱ ከእነ አስፕሪን ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅሁም። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ደግነቱ በመለኪያው ነበር የዋጡት። ኃላፊያችን ወረቀት ላይ አሰላች። በአንድ ሚሊ ውስጥ 1.5 ሚሊግራም አለ፣ በ15 ሚሊ 22.5፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን 45 ሚሊግራም። ይህን ያህል መጠን ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ አያሰጋም። ብዙ ከተዋጠ ግን፣ በተለይ ሕፃን ልጅ ከጠጣው፣ ማቃዠትና ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። «ከእንግዲህ አይዋጡት፣ ጠርሙሱንም ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ» አለቻቸው። ትኩሳት እንዳለባቸው፣ አፋቸውን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ እንዳቃታቸው፣ መተንፈስ እንዳስቸገራቸውም ጠየቀቻቸው። ከነዚህ አንዱ ቢኖር መጉመጥመጫውን ትቶ ወደ ሐኪም መመለስ ነው። አንዱም አልነበረም።

ከዚያ እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላደረግሁትን አደረገች። በወረቀት ኩባያ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸውና፣ «አባባ፣ እስኪ ቤት እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩን» አለቻቸው።

ውሃውን ጎረሱ። ጉንጫቸውን ነፋ አድርገው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ፊት ለፊት ጥርሳቸው መሃል ፏ ፏ አደረጉትና እንትፍ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ሁሉም ነገር ያለቀው ቢበዛ በአራት ሰከንድ ነው።

ሰውዬው ምንም አላጠፉም። «ተጉመጥመጡ» አልኳቸው፣ ተጉመጠመጡ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ተጉመጥመጥ ስንባል ሁላችንም የምናደርገው እሱኑ ነው፣ ጠዋት ጥርሳችንን ስንታጠብ የምናደርገውን። ጉሮሮ ድረስ ደርሶ ሳይዋጥ እዚያው መንቀርቀቡ ለብቻው የሚጠራበት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል የለንም። በአንዲት ቃል ሁለት ሥራ አዝዤ አንዱ ብቻ ተሠራልኝ። መድኃኒቱ ደግሞ የነካውን ብቻ ነው የሚያስታግሰው። ጉንጭና ምላስ ነካ፣ ጉንጭና ምላስ ደነዘዘ። እንጥልና ቶንሲል ጋ ጠብታ እንኳ አልደረሰም።

ኃላፊያችን ራሷ ውሃ ጎረሰች። ወደ ኋላ አንጋጠጠች፣ አፏን ከፍታ ከጉሮሮዋ «አአአ» ስትል ውሃው ግርርር ብሎ ፈላ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ትልቅ ሴት በሥራ ሰዓት እንዲህ ስትሆን ማየት ያስቃል፣ ግን ማንም አልሳቀም፣ ሁሉም አንጋጦ ያያል። አባባም ሞከሩ። መጀመሪያ ትን አላቸውና ሳሉ፣ ሁለተኛው ላይ ግርርር አለ። እኔ ቆጠርኩ፣ እስከ 20። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው የሚፈለገው፣ አራት ሰከንድ አይበቃም።

«እንዴ፣ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ከኋላ የቆመች ሴት። «እኔ አምና ሙሉ ጠርሙስ ጨርሻለሁ እኮ፣ አንድም ቀን አላንጋጠጥኩም።»

ግራ የገባኝ የመዋጡ ነገር ነበር። ስጠይቃቸው የልጅ ልጃቸው ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበት ኒስታቲን ጠብታ ታዞለት ነበር። እሱ ደግሞ አፍ ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዋጠው። «ያንን ዋጡት ተባልን፣ ይኼም የአፍ መድኃኒት ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአንድ ቤት አንዱ የአፍ መድኃኒት ይዋጣል፣ ሌላው ይተፋል፣ እኛ ደግሞ ልዩነቱን በሁለት ቃል ጣል እናደርግና «ቀጣይ!» እንላለን።

ከመሄዳቸው በፊት ሌላም ነገር ወጣ። የቆሰለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ስለሚያቃጥላቸው አንዳንዱን ጊዜ ዘልለውት ነበር። ከለበለበ እኩል ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ይቻላል፣ 15 ሚሊ መድኃኒት ከ15 ሚሊ ውሃ ጋር። ይህንንም አልነገርኳቸውም ነበር። ጠርሙሱ ላይ በስክሪፕቶ «አንጋጠው፣ 20 ይቁጠሩ፣ ይትፉ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገባዎት?» የምትለዋን ጥያቄ ትቻታለሁ። ለሷ መልሱ ሁሌ «አዎ» ነው። ማን ወረፋ ፊት ቆሞ አልገባኝም ይላል? አሁን የምለው «ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚያደርጉት እስኪ ይንገሩኝ» ነው። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ወረፋው ያጉረመርማል፣ እኔም አንዳንድ ቀን ሲሰለቸኝ እዘለዋለሁ፣ አልዋሽም። በተለይ የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ያለበትን ስሰጥ ግን አልዘልም። ጉሮሮ እንደደነዘዘ ምግብ ቢበላ ትን ሊል ስለሚችል፣ ከተጠቀሙበት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ምንም አለመብላት ነው።

አባባ ከወራት በኋላ በሌላ ማዘዣ መጡ። ድዳቸው እየደማ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ክሎርሄክሲዲን አዟል። ይኸኛው ተህዋስ ይገድላል እንጂ ሕመም ማስታገሻ አይደለም። ጠርሙሱን ሳቀብላቸው እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ቆይ ልጄ፣ ይኼኛው ተንጋጦ ነው ሳይንጋጠጡ?» አሉኝ።

«ሳይንጋጠጡ» አልኳቸው። «እንደ በፊቱ፣ ግራና ቀኝ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። በጥርስ ሳሙና ከቦረሹ በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፣ ሳሙናው ያዳክመዋል።»

«ይዋጣል?»

«ይተፋል።»

«እንግዲያው ውሃ አምጣና ላሳይህ» አሉ።